ቄስ የማይበረክትለት ቤት

ለውድ እህቴ ለእትዬ፣

«ተመርቆ፣ የተመኘውን ሥራ ይዞ፣ ምነው ድምፁ ጠፋ?» ሳትይ አልቀረሽም። አስቀድሞ ግን አንቺስ እንዴት ነሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? አባባን ሳሉ ለቀቃቸው? እማዬስ ያው ለሰው ስታስብ ራሷን ረስታለች? እኔ ለክፉ አልሰጠኝም፤ ቀበቶዬ ብቻ አዲስ ቀዳዳ ፈልጓል።

ዋናው ቄሳችን ሥራቸውን ለቀቁ። ረዳታቸው ሆኜ ከመጣሁ ዓመት እንኳ አልሞላኝም፤ ከሳቸው በፊት የነበሩትም አልከረሙም። ሰው «ይህ ቤት ቄስ አይበረክትለትም» እያለ ይቀልዳል። እኔ ግን የሚበላቸውን አይቻለሁ። ጠዋት ቀብር፣ ከዚያ ሆስፒታል፣ ከዚያ የተጣሉ ባልና ሚስት፤ መሐል ላይ ጣሪያው አፈሰሰ ብሎ የሚጠራቸውም አለ። ምሳቸውን ቆመው ነበር የሚበሉት።

ባለፈው ቅዳሜ ከቀብር በቀጥታ ወደ ሰርግ ገቡ። ሙሽሮቹ ፊታቸው ተንበርክከው ሳለ እጃቸውን ጫኑባቸውና የመቃብሩን ጸሎት ጀመሩ። አፈር ወደ አፈር ሲሉ የሙሽራዋ እናት ጮኸች። እሳቸው አልደነገጡም፤ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። በኋላ ልብሳቸውን ሲያጣጥፉ ገባሁና ሰው ይረሳዋል ብዬ ላጽናናቸው ሞከርኩ። «ልጄ፣ ሰው ፊቴ ተቀምጦ ሲያለቅስ፣ መቼ ነው የሚጨርሰው እያልኩ ነው የማዳምጠው። ሰርጉማ ምኑ ነው?» አሉኝ። ሰኞ ቁልፉን አስረከቡ።

አሁን የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ቦታውን ላንተ ብለውኛል። አልዋሽሽም፣ ልቤ ዘለለ። ወጣቶቹን ላሰባስብ፣ የሕሙማን ጥየቃውን ለምእመናኑ ላከፋፍል፣ ስንት አስቤያለሁ መሰለሽ። የለመንኳቸው የዕረፍት ቀንና አንድ ረዳት ብቻ ነው። ሰብሳቢያቸው «እረኛ ዕረፍት ወጣ ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ?» ብለው ሳቁ። ሌሎቹም ሳቁ። እኔም፣ እትዬ፣ አብሬ ሳቅሁ።

አባባንና እማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ለጎረቤቱ ሁሉ ልጃችን ቄስ ሊሆን ነው እንዳይሉ ለጊዜው ያዢልኝ። ባለቤትሽን ጋሼን፣ አይዞህ፣ ሥራ ይገኛል በይልኝ። ጩጬውን ጉንጩን ንከሺልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ጋሼ ከሥራ የወጣ ሰሞን ደውለሽ አልቅሰሽልኝ ነበር። ያኔ ከልቤ እየሰማሁሽ ነበር? ምን ብዬ እንደመለስኩልሽ ባስብ ባስብ ሊመጣልኝ አልቻለም። ለሽማግሌዎቹ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ስጥ ተብያለሁ። ከዚያ በፊት ሳታባብዪኝ እውነቱን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ
ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ ከረዳቱ ክፍል
ረቡዕ ከሰዓት፣ ወር በገባ በሳምንቱ