አልነሳ ስላለው ፕሮግራምና ስለማይነሱት ሊቀመንበራችን

ለክቡር አቶ አገኘሁ
የገዳሪፍ መረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ሹመት ያዳብርልዎ! ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ ባለጎማው ወንበርዎም እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን፤ ሙቀቱን ለምደነዋል፣ የከህረባው መብራትም መጣ ሲሉት ይሄዳል፣ ሄደ ሲሉት ይመጣል። እርስዎ ግን ከወንበርዎ ንቅንቅ ብለው ስለማያውቁ፣ በዚህ ከተማ እንደ እርስዎ የምንተማመንበት ነገር የለም።

ይህን በእጄ የጻፍሁትን ደብዳቤ በመክተቡ፣ በቢሮዎ በር ላይ የለጠፍሁት እኔ ሸዋረጋ፣ የብፅአት እናት ነኝ። ልጄን ኸሽም ኤል ቂርባ ከተማ ያለው ትምህርት ቤት ነርስነት እንድትማር ተቀብሏታል። የልደት ወረቀት ስለሌላት ግን ማን መሆኗን የሚመሰክር፣ በኮምፒውተር የተጻፈና ማኅተም ያረፈበት የማኅበራችንን ደብዳቤ እስከ እሑድ ካላቀረበች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። ለዚህች ለአንዲት ገጽ ስመላለስ የዋሉልኝን ውለታ በሕዝብ ፊት ሳላመሰግን ብቀር ነውር ስለሚሆንብኝ እነሆ ጻፍሁ።

፩ኛ. በመጣሁ ቁጥር የመጻፊያው ፕሮግራም አልነሳ ማለቱን በትዕግሥት ነግረው ለቡክራ ስለቀጠሩኝ አመሰግናለሁ። እዚሁ ገዳሪፍ አድጌ፣ በዓረብኛ ተምሬ፣ ቡክራ ማለት ነገ ይመስለኝ ነበር። በእርስዎ መክተብ ከርሞ ማለት እንደሆነ አሁን ገባኝ።

፪ኛ. ፕሮግራሙ ለምን እንደታመመ ሁላችንም እናውቃለን። ክቡርነትዎ ባዶ ገጽ በተከፈተ ቁጥር ፎቶግራፍዎ፣ ሙሉ ማዕረግዎ፣ የወርቅ ሐረግና የሚበር እርግብ ራስጌው ላይ ቀድመው እንዲወጡ አድርገው ቅንብሩን አሳምረውታል። ምስኪኑ ፕሮግራም ገና ከእንቅልፉ ሳይነቃ ይህን ሁሉ ክብር ተሸከም ሲባል ወገቡ ቢቆረጥ ማን ይፈርድበታል? እኛም ተሸካሚዎች ስለሆንን ስቃዩ ይገባናል።

፫ኛ. ባለፈው ሰኞ ብፅአት እርስዎን አስፈቅዳ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ኮንትሮል የሚባለውን ቁልፍ ይዛ ፕሮግራሙን ብትከፍተው፣ ያለ እርግብ፣ ያለ ሐረግ፣ እንደ ጤነኛ ሰው ብድግ አለ። በሽታው የማሽኑ ሳይሆን የቅንብሩ መሆኑ ታወቀ፤ የቀረው ቅንብሩን ወደ መጀመሪያው መመለስ ብቻ ነበር። ማሽኑም በዓረብኛ «ኢዓደት ተዕዪን» የሚል ምልክት አወጣ።

ይህን ጊዜ ክቡርነትዎ በዘመናችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበርዎ ዘለው ተነሡ። ቃሉን «ዳግም ሹመት» ብለው አነበቡትና፣ ልጄ አንድ ጊዜ ብትነካው በእርስዎ ቦታ ሌላ ሊቀመንበር የሚሾም መስሎዎት ገመዱን ከግድግዳው ነቀሉት። ኧረ በሕግ አምላክ! ተዕዪን በመንግሥት ቤት ሹመት መሆኑን አልክድም፤ በኮምፒውተር ግን ኢዓደት ተዕዪን ቅንብሩን እንደ አዲስ ማስተካከል ማለት ነው። የማኅበሩ ደብዳቤዎች አንዳቸውም አይጠፉም፤ የሚጠፋው ፎቶዎና እርግብዎ ብቻ ነው። ልጄ ይህን በእርጋታ ብታስረዳዎ ሴረኛ ብለው ከመክተቡ አስወጧት። ቤት ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች። እዚህ ላይ እንኳ ማሾፍ አልቻልሁም፤ አንጀቴ አርሯል።

፬ኛ. አራተኛ ምስጋናም ነበረኝ፤ ከንዴቴ ብዛት ረሳሁት፣ ማዓሌሽ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ አገኘሁ ብለው ስም ያወጡልዎት ወላጆችዎ አልተሳሳቱም፤ እርስዎ ያገኙትን አይለቁም። ይሁን እንጂ ነገሩን ለምክትልዎ ለአቶ ሱለይማን ባጫውታቸው፣ እንባቸው እስኪመጣ ስቀው ሲያበቁ ከአባላቱ ጋር ተመካከሩበት። አባላቱ ሁለቱን ትርጉሞች አመዛዝነው ከኮምፒውተሩ ይልቅ የእርስዎን ትርጉም እጅግ ወደዱት። ስለዚህ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመክተቡ ግቢ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቷል፤ አጀንዳው ኢዓደት ተዕዪን ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በልጄ ደብዳቤ ላይ የሚፈርም ሰው እንደማይጠፋ ተነግሮኛል።

ወንበርዎ ሳይጎዳ፣ እርስዎም ሳይጎዱ፣ በሰላም እንዲለያዩ በታላቅ ትሕትና እየተመኘሁ፣ ከአክብሮት ብዛት አንገቴ የጎበጠ፣ ከመመላለስ ብዛት ጫማዬ ያለቀ ታዛዥ አባልዎ፣

ሸዋረጋ፣ የብፅአት እናት
ገዳሪፍ

ማሳሰቢያ፦ ልጄ ነርስ ሆና በተመለሰች ጊዜ ደም ግፊትዎ ከፍ ብሎ ከፊቷ ቢቀመጡ፣ ሳይሰቀቁ ክንድዎን ይስጧት። ማን መሆንዎን የሚመሰክር ወረቀት አትጠይቅዎትም። ማን እንደሆኑ በደንብ ታውቃለች።