ግቢያችን ዘንበል ሲል

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ወገብህ ሻል አለህ ወይስ አሁንም ያስቸግርሃል? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉ? ጥርስ አወለቁ? አስቸገሩ? በስልክ ስጠይቅህ ሁሌም «ደህና ነን፣ ደህና ነን» እያልክ ስለምታሳጥርብኝ እስቲ በወረቀት ልሞክረው ብዬ ነው። እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ እንዲያውም ዋናው ወሬዬ የእሷ ነው። ግን በተራው ልንገርህና አታቋርጠኝ።

ባለፈው ክረምት ደጃፉ ላይ ጭቃው አንሸራትቶ ከጣላት ወዲህ እግሯስ ድኗል፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም። ሐኪሙ «ይራመዱ» ቢላትም የቤቱን ደፍ አላለፈችም። ከመስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ ውጭውን ማየት ብቻ ሆነ ሥራዋ። «እስቲ ብቅ በይ» ስላት «ያ ጭቃ እኔን ነው የሚጠብቀው» ትለኛለች። እንዲህ ቤት ውስጥ እንደተቀመጠች እንዳትቀር ፈርቼ ለአንተ ብነግርህ፣ ያንን ጭቃው ላይ የሚነጠፍ ሰው ሠራሽ ሣር ገዝተህ ላክህ። እጅህ ይባረክ።

ጥቅሉ የደረሰ ዕለት እዚያው ልዘረጋው ነበር፤ ችኩልነቴን ታውቀዋለህ። ቧንቧ የሚሠራልን ሰውዬ ነው «ቆዪ!» ያለኝ። ሰላምታ እንኳ በግማሽ የሚመልስ ቁጡ ሰው ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ አንድ ባልዲ ውሃ ገለበጠበት፤ ምሳውን በልቶ ሲመለስ ውሃው እንዳለ ቁጭ ብሏል። አፈሩ ዋልካ ስለሆነ ውሃ አያሳልፍም፤ እንዲሁ ብናነጥፍበት ሣሩ ከሥሩ ረግረግ ሆኖ ይሸታል፣ አብጦም ይነሳል አለ። ተከራከርኩት። ጮኸብኝ። እሱ አሸነፈ።

መጀመሪያ ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ ከደጃፉ አራቁት። ቀጥሎ እሱና አማቹ ከቤቱ ጥግ እስከ ግቢው በር ድረስ ቦይ መቆፈር ጀመሩ። ሲቆፍሩ ምን ቢያገኙ ጥሩ ነው? አባባ ለመረገጫ የደረደራቸውን ጠፍጣፋ ድንጋዮች! ትዝ ይልሃል አይደል፣ በየክረምቱ አንድ ረድፍ ይደረድርልን ነበር፤ ጭቃው ይውጠዋል፤ አባባም ሳይሰለች ሌላ ይደረድራል። አንዱ ረድፍ በሌላው ላይ እንደተኛ ወጣ። እኔና አንተ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለልን፣ የሳተውን «ባሕር ገባ! ባሕር ገባ!» እያልን ስንስቅ፣ አባባ ደግሞ ከበረንዳው ላይ «ቀስ በሉ» እያለ እሱም ሲስቅ፣ ሁሉም ነገር ፊቴ ላይ ድቅን አለ። አልዋሽህም፣ ጉድጓዱ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ቁጡው ሰውዬ ግራ ገብቶት «ድንጋይ ነው እኮ» አለኝ። ድንጋይ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ።

ቦዩ ውስጥ ጠጠር አፍስሰው፣ ጎንና ጎኑ የተበሳሳ ቧንቧ አስተኙበት። ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ቧንቧው ወደ ግቢው በር ማዘንበል ስላለበት ሰውዬው ውሃ ልኩን አስቀምጦ እያየ፣ ከታች በኩል ለያዘው ለአማቹ ይጮህለታል፦ «ዘንበል! አሁንም ዘንበል!» ሲስተካከልላቸው ለሙከራ ከላይ ውሃ ለቀቁበት። አማቹ ውሃውን በታች በኩል ብቅ ሲል ባየው ጊዜ ደስ ብሎት «መጣ! መጣ!» እያለ ጮኸ።

መቼም ገብቶሃል። የውሃ ጀሪካን በአንድ እጅህ አንጠልጥለህ ተንጋደህ ስትመጣ አባባ ያወጣልህን ስም ሁላችንም ትተነዋል፤ እማዬ ግን ዛሬም አንተን ዘንበል ነው የምትልህ። እና ቤት ውስጥ ሆና የሰማችው «ዘንበል! ዘንበል! መጣ! መጣ!» ነው።

በሩን በርግዳ ወጣች። ያለ ምርኩዝ፣ ፀጉሯን እንኳ ሳትሸፍን። ደፉን አለፈች፣ ጭቃውን ረገጠች፣ የአፈሩን ቁልል ዞራ መሃል ግቢ ቆመች። «የታለ?» አለች። ሰውዬው ምን ያውቃል፣ ወደ ቧንቧው እያመለከተ «ይኸው እማማ፣ ዘንበል ብሏል» አላት። ቧንቧውን አየች። የግቢውን በር አየች። እንደገና ቧንቧውን አየች። ከዚያ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው፤ እንባው መቼ እንደጀመራት ግን አላየሁም። ደግፌ ላስገባት ስል እጄን ገፋ አድርጋ «ወንበር አምጪልኝ» አለች። እዚያው ተቀምጣ ሁለቱን ሰዎች ስታዝዝ ዋለች። ቁጡው ሰውዬ ቁጣውን ረስቶ «እሺ እማማ፣ እሺ እማማ» ሲል ብታየው በሳቅ ትሞት ነበር።

የላዩን አፈር ጠርገው፣ ጠጠር ደልድለው ሣሩን አነጠፉት። ትናንት ዶፍ ወረደ፤ ውሃው በቧንቧው በኩል ሹልክ ብሎ ወጣ፣ አንድ ኩሬ እንኳ አልቀረም። ግቢው አምሮበታል። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ያ ጭቃ ናፍቆኛል። ያ የተንቦጫረቅንበት ግቢ አሁን የሌላ ሰው ግቢ ይመስለኛል። እማዬ በየቀኑ ትወጣለች። ያን ዕለት አንተ የመጣህ መስሏት መውጣቷን «እንዳትነግሪው፣ ይጨነቃል» ብላኝ ነበር። ይኸው ነገርኩህ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬ ይድረስ። ትልቋን ልጅህን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ትንሹን ጆሮውን ቆንጠጥ አድርግልኝ፣ ስልክ ላይ አላናግርሽም ብሎኛል። አክስታችን እንዴት ነህ ብላሃለች። ጎረቤታችን ባለ ሱቋም «ያ ጠፊ!» ብላ ሰላምታዋን ከነስድቡ ልካለች። እማዬ አሁን አጠገቤ፣ ፊቷን ወደ ግቢው በር አዙራ ተቀምጣለች። ምን ልጻፍለት ብላት ብዙ አሰበች፤ ከዚያ «ግቢው ደርቋል በይው፤ ጫማው አይበላሽበትም» አለች።

እህትህ

ከግቢያችን፣ ሰኔ 23 ቀን