የነጠላዬን ቀለም ጥርሴ ላይ ለተከሉልኝ ዶክተር

ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
ገርጂ፣ አዲስ አበባ

ለተከበሩ ዶክተር እዝራ፣
ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ሲታጠፉ ከፋርማሲው በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለሚገኘው የጥርስ ውበት ማዕከል ባለቤትና ዋና ሐኪም

ጉዳዩ፦ ስድስት የፊት ጥርሶቼን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ እያልኩ፣ ለእርስዎም ለባልደረቦችዎም ሙሉ ጤና፣ በተለይ ደግሞ ለዓይንዎ ጤና እመኛለሁ። ዓይንዎን ለይቼ ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም፤ ምክንያቱን እያነበቡ ሲሄዱ ያገኙታል። የመጨረሻ ልጄ እኩያ ሆነው ሳለ አንቱ ማለቴም ቅር አይበልዎ፤ እርስዎ በተገናኘን ቁጥር «አንቺ» ስላሉኝ፣ አክብሮቱ ከሁለታችን በአንዳችን በኩል እንኳ ይኑር ብዬ ነው። የማዕከልዎን ስም ያልጻፍኩት ግን ከአክብሮት እንዳይመስልዎ፤ በነጻ ማስታወቂያ እንዳልሠራልዎ ሰግቼ ነው።

እኔ የሻሽወርቅ እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ስልሳ ሁለት ሲሆን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ገቢና ወጪ ደብዳቤ ስመዘግብ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ወደ እርስዎ ዘንድ የመጣሁት ለመቆነጃጀት አልነበረም። በመጋቢት መጨረሻ ኢምፔሪያል ላይ ከታክሲ ወርጄ ሳልጨርስ ታክሲው ተነስቶ በአፌ ተደፋሁና ሁለት የላይ ጥርሶቼ ተሰበሩ፤ የፈለግሁትም ሁለት ጥርስ ብቻ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ ለደብዳቤ ቁጥር ስሰጥ ስለኖርኩ፣ ቅሬታዬንም በቁጥር ማቅረቤን ይፍቀዱልኝ።

1. ሁለት ጥርስ ይዤ ብመጣ ስድስት አድርገው ስለመለሱኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለቱ ብቻቸውን ቢሠሩ እንደማያምሩ፣ ከጎንና ከጎናቸው ያሉት አራቱም አብረው መሠራት እንዳለባቸው ሲነግሩኝ፣ እኔ ደግሞ የሐኪም ቃል የሚታመንበት ዘመን ሰው ነኝና አመንኩዎ። አራቱም ጤነኞች ነበሩ። አንዳቸውም አንድ ቀን አመውኝ አያውቁም። እርስዎ ሞርደው ሞርደው የክብሪት እንጨት አሳከሏቸው፤ የተሞረደ ጥርስ ደግሞ እንደ ጥፍር ተመልሶ አያድግም።

2. የቀለም አመራረጥዎን በሚመለከት የማቀርበው ምስጋና ረዘም ስለሚል በትዕግሥት ያንብቡልኝ።

ቀለሙ የተመረጠልኝ ሚያዝያ 23 ቀን ነበር። ዕለቱ የጊዮርጊስ ክብረ በዓል ስለነበር ከቅዳሴ ወጥቼ በቀጥታ ነው የመጣሁት፤ ነጭ ቀሚስ ለብሼ፣ ታጥቦ የተተኮሰ ነጠላዬን እስከ አገጬ ተከናንቤ። የሠራተኞች ቀንም ስለሆነ ከሥራ ያረፈ ወጣት ሁሉ ጥርሱን ሊያስነጣ መጥቶ ወንበሮቹ ሞልተው ነበር። ያስገቡኝ ክፍል መስኮቱ በፕላስቲክ ሳር ተሸፍኗል፤ በሳሩ ላይ ሮዝ መብራት በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ይላል፤ ከአናቴ በላይ ደግሞ ለፎቶ የሚሆን ክብ መብራት ፊቴ ላይ ይተኩሳል። አደነዘዙኝ፣ ሞረዱኝ፣ ከዚያ በኋላ ቀለም ምርጫ ተባለ።

ረዳትዎ ሄኒ ትሁት ልጅ መሆኗን አልክድም። የቀለም ናሙናውን፣ ማለትም በፊደልና በቁጥር የተለዩትንና በረድፍ የተሰኩትን የሸክላ ጥርሶች፣ ከመሳቢያ አውጥታ አንድ በአንድ ወደ አፌ ታስጠጋ ጀመር። የመጀመሪያውን ከአገጬ ሥር ከነጠላዬ ጋር አስተያይታ «ውይ ማዘር፣ ይሄማ ቢጫ ነው» አለች። ሁለተኛውም ቢጫ ሆነ፤ ሦስተኛውም። ረድፉ ሲያልቅባት ሌላ ረድፍ አመጣች፤ የዚያም ረድፍ መጨረሻ ላይ ስትደርስ ፊቷ በርቶ «ይሄ እኮ ከነጠላሽ ጋር በጣም ሄደ» ብላ ጠራችዎ። እርስዎም አንገትዎን ከበሩ ብቅ አድርገው፣ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ እንኳ ሳይገቡ፣ «ፐርፌክት» ብለው ወደ ሌላው ደንበኛ ተመለሱ። በስድስት ጥርሶቼ ላይ የሰጡት የሐኪም ውሳኔ በጠቅላላው ይህቺ አንዲት ቃል ነበረች።

ጥፋቴን አልደብቅም፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። አፌ ደንዝዞ፣ ምራቄ በከንፈሬ እየወረደ፣ የሰጡኝንም ወረቀት ፈረምኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሳያነብ የፈረመውን ደብዳቤ እየመለስኩ የኖርኩ ሴት ሳላነብ ፈረምኩ፤ በዚህ በራሴም ተናድጃለሁ።

ዶክተር ገብረየስ የሚባሉ፣ ዛሬ ሥራ አቁመው ሃያ ሁለት አካባቢ በጡረታ የሚኖሩ አዛውንት የጥርስ ሐኪም በኋላ እንዳስረዱኝ ከሆነ፣ ቀለም የሚመረጠው ጥርስ ሳይሞረድና ሳይደርቅ፣ በመስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን፣ የታካሚው ልብስ በግራጫ ጨርቅ ተሸፍኖ ነው። ነጭ ነገር አጠገቡ ካለ ማንኛውም ጥርስ ቢጫ መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ ሄኒ ወደ ነጭ በሄደች ቁጥር ነጠላዬ አሁንም አልበቃም ይላት ነበር። በአጭሩ የጥርሴን ሳይሆን የነጠላዬን ቀለም ነው የተከሉልኝ። ክቡርነትዎ በየወሩ ታቦት በሚነግሥበት፣ ነጭ ለባሽ ከቅዳሴ ወጥቶ ጉዳዩን በሚፈጽምበት ሰፈር የጥርስ ቤት ከፍተው፣ አንዲት ክንድ ግራጫ ጨርቅ መግዛት አልታሰበዎትም። በየበዓሉ ስንት እናት በዚህ ዓይነት እንዳነጡ እሱ አንድዬ ይቁጠረው።

3. ግንቦት 3 ቀን ጥርሶቹ ተገጠሙልኝ። እቤቴ በር ላይ ሆኜ በፀሐይ ብርሃን መስታወት ባይ፣ ግማሹ አዲስ ቆርቆሮ ግማሹ የድሮ ቆርቆሮ የሆነ ጣሪያ አየሁ። የታችኞቹ ስልሳ ሁለት ዓመት ሻይ የጠጡና ቆሎ የቆረጠሙ የራሴ ጥርሶች ናቸው፤ የላይኞቹ ትናንት የመጡ እንግዶች። ይህም አልበቃ ብሎ ፎቶዬን ሳይጠይቁኝ በደረጃችሁ ላይ ሰቅላችሁ «ከልብ የመነጨ ፈገግታ» የሚል ጽፋችሁበታል። ክቡር ዶክተር፣ በዚያ ፎቶ ላይ ፈገግ አላልኩም። ከንፈሬን በፕላስቲክ ወጥራችሁ ይዛችሁት ነበር።

4. እስከዚህ ድረስ በምፀት ጽፌያለሁ። ይህንን ግን በምፀት ልጽፈው አልችልም።

አለም የምትባል ጎረቤት ነበረችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት አጥር ተጋርተናል። እሷ ከአክሱም መጥታ በንግድ የኖረች፣ እኔ ከመንዝ መጥቼ በደመወዝ የኖርኩ፤ ልጆቻችን የማን ቤት ምሳ እንደበሉ ሳናውቅ አሳደግናቸው። ባለቤቴ በሞተ ጊዜ ድምጿ እስኪዘጋ ያለቀሰችልኝ እሷ ናት። የወንድሟ መርዶ በመጣ ጊዜ ደግሞ ከሰው ሁሉ በፊት የደረስኩላት እኔ ነኝ። ማን ቀድሞ ማንን እንደሚቀብር እንኳ እየተሳሳቅን እናወራ ነበር፤ የቀረችው በደንብ ልታለቅስ ተባብለናል።

ግንቦት 14 ቀን አረፈች። ድንኳኑ በራችን ላይ ተተከለ። እኛ ዘንድ የቅርብ ሰው ድንኳን ውስጥ ጸጥ ብሎ እንደማይገባ እርስዎም የዚሁ አገር ልጅ ነዎትና ያውቁታል፤ ከደጅ ጀምረው እየጮኹ ይገባሉ፣ የተቀመጠውም አብሮ ይነሳል። እኔም «እህቴን፣ እህቴን» እያልኩ ገባሁ። አፌን ከፍቼ ነው የማለቅሰው፤ ሌላ አለቃቀስ አላውቅም። የድንኳኑ ውስጥ ጨለም ያለ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ጥቁር ለብሷል፤ ከእኔ ፊት ላይ የሚታየው እርስዎ የሠሩት ብቻ ነበር።

የአለም ልጅ ዊንታ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ከአፌ ላይ አልነሳ አለ። ከዚያ ቀስ ብላ «እትዬ የሻሽ፣ እየሳቁ ነው?» አለችኝ።

የተነሳው ሰው ቆሞ ቀረ። እኔ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ወጣሁ። ሦስቱን ቀን በጓሮ በኩል ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ስከትፍ ዋልኩ፤ እዚያ ያለቀሰውን ሰው ለምን አለቀስክ የሚለው የለምና። በቀብሯም ከሰው ሁሉ ኋላ ቆምኩ። የሃያ ስድስት ዓመት እህቴን አፌን ገጥሜ ቀበርኳት።

ይህን ማን ይክሰኛል? እስቲ እርስዎ ይመልሱልኝ።

5. ግንቦት 25 ቀን ወደ እርስዎ ዘንድ ተመልሼ ስመጣ ስላደረጉልኝ አቀባበል ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሄኒ የፈረምኩትን ወረቀት አውጥታ ቀለሙን የመረጥኩት ራሴ መሆኔን በትሕትና አሳየችኝ። እርስዎም ለችግሬ መፍትሔ ሳይፈልጉ አልቀሩም፤ ላይና ታቹ እንዲመሳሰል የታችኞቹንም ጥርሶች ሞርደን በዚሁ ቀለም እንሥራልሽ አሉኝ። ጫማ ሲጠብ እግር የሚቆርጥ ሰው አለ ሲባል ሰምቼ አላመንኩም ነበር። ሳልስማማ ስቀር ደግሞ «ትለምጂዋለሽ ማዘር» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ልክ ነዎት፤ እኔ እለምደው ይሆናል። ሐዘንተኛ ግን አይለምደውም፤ ለእያንዳንዱ ሐዘንተኛ የመጀመሪያ ቀን ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህንን ነው። የአለም አርባ ሰኔ 23 ቀን ይወጣል። ከዚያ በፊት ስድስቱን አንስተው በራሴ ጥርስ ቀለም እንዲተኩልኝ እጠይቃለሁ። ዶክተር ገብረየስ የታችኞቹን በረንዳቸው ላይ በጠዋት ብርሃን አይተው ቀለሙን ለይተውልኛል፤ ፊደሉና ቁጥሩ በእጃቸው ጽሑፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ሊያመሳክሩ ከፈለጉ ግራጫ ሹራብ ለብሼ እመጣለሁ፤ ክፍልዎ መስኮቱ ካልተከፈተ በደረጃው ላይ ቆሜ አፌን እከፍታለሁ፤ መንገደኛው ሁሉ ይየኝ፣ ከዚህ በላይ የሚያሳፍረኝ ነገር የለም። ሌላ ሐኪም ዘንድ ሂጂ እንዳይሉኝ፣ በጡረታ አበል ሁለት ጊዜ ጥርስ እንደማይተከል እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ቆንጆ እንድሆን አልለምንዎትም። አርባዋ ላይ ተቀምጬ እንደ ሰው ማልቀስ እፈልጋለሁ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።

በእርስዎ ስድስትና በቀሩት የራሴ ጥርሶች መካከል ምላሴን ይዤ፣ በታላቅ ትሕትና፣ ወደር በሌለው አክብሮትና ባልበረደ ንዴት መልስዎን በጉጉት የምጠባበቅ፣ የደረጃዎ ጌጥና የማዕከልዎ ማስታወቂያ፣

የሻሽወርቅ

ግልባጭ፦

ለዕድራችን ጸሐፊ ለአቶ ዱባለ፤ በሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ።

ለወ/ት ዊንታ፤ በቤቷ። ልጄ፣ ይህን ቀርቤ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ በርሽ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ፤ ለመናገር አፌን መክፈት ሊኖርብኝ ነው። በእናትሽ አልሳቅኩም። ደብዳቤውን ለአገር ሁሉ ግልጽ ያደረግኩት አንቺ እንድታነቢው ነው።

ማሳሰቢያ፦ ክቡር ዶክተር፣ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። ሆኖም ሞት የማይገባበት ቤት የለምና፣ አያድርስና አንድ ቀን ከቤትዎ ድንኳን ቢተከል፣ እኔ ከለቅሶ የምቀር ሰው አይደለሁም፤ ጥርሶቹ እስከዚያ ካልተቀየሩም በእነዚሁ እመጣለሁ። ከደጅዎ ጀምሬ አፌን ከፍቼ አለቅስልዎታለሁ፤ እርስዎም ከሐዘንዎ ቀና ብለው ቀለሙ ይሄድ አይሄድ እንደሆነ ያዩታል።