እግሬን ማን ያጥባል?

ጥቅምት 3፣ ከት/ቤት መልስ

ጓድ ደብተር፣ ዛሬም ባሌ አስቸገረኝ። የቴአትር ባል ነው፣ አትደንግጥ። በቀበሌው የኪነት ቡድን ውስጥ ጋሼ ታምሩ ባል፣ እኔ ሚስት። ት/ቤት የሒሳብ አስተማሪዬ ናቸው፤ የውሸት ሪዝ ሲለጥፉ የተራበ ድመት ይመስላሉ። ባል ያዝዛል፤ ሚስት "እሺ ጌታዬ" እያለች የፈለገችውን ትሠራለች። መጨረሻ ላይ እግሩን አጥቤ ስጨርስ "ተራው ያንተ ነው" እለዋለሁ። ተንበርክኮ ያጥበኛል። የእኛ ቤት ቢሆን አባዬ በድንጋጤ ውሃውን ይጠጣው ነበር።

ጥቅምት 5

ሳቅ ቀረ። የቀበሌው ሊ/መንበር ልምምድ ሊያዩ መጡ፤ ሽጉጥ ወገባቸው ላይ፣ ሚስታቸው እትዬ አስካለ ከኋላቸው። እኔ ሳጥብ ሊ/መንበሩ ፈገግ አሉ። ባልየው ሲንበረከክ እትዬ አስካለ ከት ብለው ሳቁ። ሊ/መንበሩ ዞረው አዩአቸው። ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠ።

ሚስትየዋ አጥባ ትጨርስና መጋረጃ ይዘጋ ተባለ። ወንድ ተንበርክኮ ከታየ ተጠያቂው ጋሼ ናቸው። የሴቶች እኩልነት መፈክር ከሊ/መንበሩ ራስ በላይ ተሰቅሏል፤ ማንም ቀና አላለም። እኔም አላልኩ፣ ሞኝ ነኝ እንዴ? ጋሼ "እሺ ጓድ" አሉ። አምና ቀበሌው አስሯቸው ሲወጡ እናታቸው እንኳ አላወቋቸውም።

ጥቅምት 8

ልደታ ማርያም ደጅ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ግንባራቸው ድረስ ስበዋል። ዓይናቸው ሥር ጠቁሯል። በር መታኝ አሉ፤ እኔ አልጠየቅኩም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

"እሁድ ቴአትሩ ሲታይ ፊት ወንበር ላይ ነኝ። መጨረሻውን እንዳትቀይሪብኝ፣ ልጄ።"

"ተራው ያንተ ነው" ብል ጋሼ ይታሰራሉ። ዝም ብል እትዬ አስካለ…

እሁድ፣ ከመጋረጃ ጀርባ

አዳራሹ ሞልቷል። "ተራው ያንተ ነው" የሚለውን ቃል ለጋሼ አስቀድሜ ሳልነግራቸው መድረክ ላይ ልወረውርባቸው ነበር። ሳስበው፣ እኔስ ከሊ/መንበሩ በምን እሻላለሁ? ጠየቅኳቸው። ሪዛቸውን እየለጠፉ "ፈራሁ፣ ልጄ" አሉኝ። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። መቀለድ አቃተኝ።

ወሰንኩ። ቃሉን አልልም፣ እሳቸውም አይንበረከኩም። እንደታዘዝኩት እግራቸውን አጥባቸዋለሁ። ከዚያ መጋረጃው ሳይዘጋ ወንበር ስቤ፣ እትዬ አስካለን እያየሁ፣ የራሴን እግር ራሴ አጥባለሁ። ቀስ ብዬ፣ ጣት በጣት። ይሄን የከለከለ የለም።

ለጋሼ ነገርኳቸው። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አንስተው ሞቅ ያለ ውሃ እስከ አፉ ሞሉልኝ።

እየቸኮልኩ ነው፣ ጽሑፌ ካልተነበበህ አትፍረድብኝ። ጠሩኝ፣ ልሂድ።