እናታችን የዘፈዘፈቻቸው ዛጎሎች

ይድረስ ባሕር ተሻግሮ ለከረመው ለታናሽ ወንድሜ ለቴፔይ፤

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ ጃካርታም ድረስ ተከትሎህ ሄደ? ባለቤትህ ካናዬ ደህና ናት? ልጃችሁ ሚዮስ ትምህርቱንም ሙቀቱንም ለመደችው? እኛ አለን። አለን ስልህ ቆመን እንሄዳለን ማለቴ ነው። እናታችን እህል ይበላላታል፣ እንቅልፍም አላጣችም። እኔ ግን ደክሞኛል ቴፔይ። ቀኑን ሙሉ እስከ ወገቤ ጭቃ ውስጥ ቆሜ የሎተስ ሥር ስነቅል እውላለሁ፤ ቤት ስገባ ደግሞ አንዴ እናታችንን፣ አንዴ ዓሦችህን ሳበላ ይመሽብኛል። ከሁለቱ የሚያስቸግሩኝ ዓሦችህ ናቸው።

ታናጎ ዓሦችህ አሁንም በራችን ላይ፣ ከጫማ መደርደሪያው በላይ በመስታወት ገንዳቸው አሉ። የሱቁን ደረቅ ምግብ እስከ ዛሬ አፋቸው አስገብተው መልሰው ይተፉታል። ቦይ ውስጥ ያደጉ ናቸውና ኩራታቸው አልለቀቃቸውም። የሚበሉት አባባ ዓሣ ሊያጠምድ ሲወጣ ለመንጠቆው ያቦካው የነበረውን የእንቁላል አስኳልና ዱቄት ነው። አሁን የምታቦካው እናታችን ናት። ዕለቱ ምን እንደሆነ አታውቅም፣ የጣደችውን ትረሳለች፣ ያቺን ሊጥ ግን አንድም ቀን አላበላሸቻትም።

በዚህ ዓመት ካልወለዱ አለቀልን ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። አላጋነንክም። ከቤታችን ጀርባ ያለውን ቦይ በብርዱ ወራት ከዳር እስከ ዳር በሲሚንቶ ለብጠውታል። አንተና አባባ መረብ የጣላችሁበት ጭቃ የለም፣ ዓሣም የለበትም። የዚያ ቦይ ዘር የቀረው እኛ ገንዳ ውስጥ ነው፣ እነሱም አርጅተዋል። እንቁላላቸውን ደግሞ በሕይወት ባለ ዛጎል፣ በዚያ ጭቃ ውስጥ በሚኖረው ባለ ሁለት ክዳን ፍጥረት ሆድ ውስጥ ካልሆነ የትም እንደማይጥሉ አንተው ነህ ያስተማርከኝ። የቦዩ ዛጎሎች በሲሚንቶው ሥር ቀሩ። ጎረቤታችን ጌንዞ ነው ከመቅደሱ ኩሬ በእግሩ ጭቃውን እየዳሰሰ ጥቂት አውጥቶ ያመጣልኝ። «በዚህ ዕድሜዬ የዓሣ አዋላጅ ልታደርጊኝ?» እያለ ነው ያመጣቸው።

ውሃው ከጠራ ዛጎሎቹን ይርባቸዋል ስላለኝ ከሩዝ ማሳው አረንጓዴ ውሃ በባልዲ እያመላለስኩ ከረምኩ። በስተመጨረሻ የወንዱ ዓሣ ደረት ቀላ። ሴቷም ያን ክር የመሰለ ቱቦዋን አውጥታ ዛጎሉ ውስጥ ስትሰድ በዓይኔ አየሁ። የጭቃ ልብሴን ሳላወልቅ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከደስታ ይሁን ከድካም እንጃ።

የዓሣ ጫጩቶቹ ከዛጎሎቹ ዛሬ ነገ ይወጣሉ ብዬ ስጠብቅ አንተ ደወልክ። ለሙታን በዓል ልመጣ እችል ይሆናል አልክ። ያንን ለእናታችን ነገርኳት፤ ምነው አፌን በቆረጠው። ላንተ ይሆናል ነው፤ ለእሷ ግን ልጇ መንገድ ላይ ነው።

በማግስቱ ከማሳ ስመለስ ገንዳው ውስጥ አንድም ዛጎል የለም። ወጥ ቤት ስገባ ትልቁ ጎድጓዳ ሳህን በጋዜጣ ተከድኖ ተቀምጧል። ምንድን ነው ብላት፣ «ቴፔይ ይመጣ የለም እንዴ? የዛጎል ሾርባ ነፍሱ ነው። አሸዋቸውን እንዲተፉ ጨው ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው» አለችኝ። መቼም በእኛ አገር ዛጎል ሳይዘፈዘፍ አይቀቀልም፤ የባሕር ዛጎል ቢሆን ኖሮ ልክ ነበረች። የኩሬን ዛጎል ግን ጨው ይገድለዋል። ጋዜጣውን ሳነሳ ሞተው አፋቸውን ከፍተዋል። እናታችን ጎንበስ ብላ አየችና ደስ ብሏት፣ «እይ፣ አሸዋው ወጣላቸው!» አለችኝ። ሳህኑ ውስጥ ታች የተኛው አሸዋ አልነበረም። ዓይን ነበረው።

ጮህኩባት ቴፔይ። ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩባት። ግድግዳው ላይ ተለጥፋ፣ «ይቅርታ የኔ እመቤት፣ አይቆጡ። ልጄ እስኪመጣ ነው እንጂ አሁን እሄዳለሁ» አለችኝ። የገዛ ቤቷ ውስጥ። የገዛ ልጇን።

ጩኸቴን ሰምቶ ጌንዞ መጣ። መጀመሪያ ሊስቅ ነበር፣ ፊቴን ሲያይ ተወው። ዛጎሎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ሲያይ አንዷ ብቻ ግጥም ብላ ተዘግታለች። «ይቺኛዋ እንዳንቺ ግትር ናት፣ አትከፍትም ብላለች። መልሻት» አለኝ። አጥቤ ገንዳው ውስጥ መለስኳት። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ እሷን መጠበቅ ሆነ።

ዛሬ ጠዋት ጫማዬን ሳጠልቅ ቀና ብል፣ መስታወቱ ጥግ ላይ የስፌት መርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጫጩቶች ይዋኛሉ። ጥቂት ናቸው፣ ግን አሉ። እናታችንን ጠራኋት። አስኳሏን በጣቶቿ አድቅቃ እንደ አቧራ በተነችላቸው። «የማን ናቸው?» አለችኝ። የቴፔይ ናቸው አልኳት። «ታዲያ እሱ ለምን አያበላቸውም?» አለች። አንተው መልስላት።

ዓሦቹን እንደ ምንም አቆይልሃለሁ። እናታችንን ግን ብቻዬን አልቻልኳትም፤ እስከ ዛሬ ደብቄህ ነበር። ስሜ ከአፏ ጠፍቷል። ያንተ ገና አለ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ ግን አላውቅም። ልመጣ እችል ይሆናል እያልክ አትደውልልን። ና።

ለካናዬ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችልኝን ሻርፕ ለማሳ ስለሳሳሁለት ለሰንበት ነው የምለብሰው። ሚዮን ጉንጯን ሳምልኝ። ከጫጩቶቹ አንዷን በእሷ ስም ጠርቻታለሁ፣ የትኛዋ ናት ብላችሁ ግን እንዳትጠይቁኝ። ጌንዞ ከአዋላጅነት ጡረታ ወጥቻለሁ በይው ብሎሃል። እናታችን አጠገቤ ቁጭ ብላ ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ስነግራት ተነስታ ያንተን ጎድጓዳ ሳህን አወጣችና፣ «ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ድረስ በይው» አለችኝ።

እህትህ ሳዮኮ
ካሱሚጋውራ ሐይቅ ዳር፣ ጁን 9 ቀን 1996