ስለ ልጄ ቅልጥምና «በፈቃዷ» ስለሚለው ቃል

ለተከበራችሁ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቅጥር የአካል ብቃት ፈተና ኮሚቴ ሰብሳቢና አባላት፣
ባላችሁበት

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርማችኋል እላለሁ። በዚህ በደብረ ብርሃን ውርጭ በማለዳ ከቤት መውጣት ቀላል ስላልሆነ፣ አረፋፍዳችሁ እንደምትወጡ ባውቅም ብርዱ እንዳይነካችሁ ጸሎቴ ነው።

የምጽፍላችሁ እኔ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ፣ አንኮበር ተወልጄ ደብረ ብርሃን ያረጀሁ የአንዲት ደብር አገልጋይ ነኝ። የመሥሪያ ቤታችሁን ስም ከደብዳቤው ራስ ላይ ያላሰፈርሁት ረስቼው ሳይሆን፣ በአደባባይ ሲነሳ እንዳትሳቀቁ ብዬ ነው። ጉዳዬ የልጄ የአልታየች ጉዳይ ነው። እናንተ የምታውቋት ተራ ቁጥር ሠላሳ ሰባት በሚለው ነው።

አልታየች ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ከኮሌጅ ከተመረቀች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ባለፈው ዓመት የጎረቤታችን የወይዘሮ ትርንጎ የጭድ ክምር በእሳት ሲያያዝ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር ውኃ ሲያመላልሱ ከዋሉት አንዷ እርሷ ነበረች። ፊቷ ጥላሸት ለብሶ ቤት ስትገባ «አባባ፣ ይህንን ሥራዬ ብዬ ብይዘው ደስ ይለኝ ነበር» አለችኝ። ከዚያ በፊት ስለ ሥራ ስታወራ ደስ ይለኛል ስትል ሰምቻት አላውቅም። በመስከረም የእናንተ የቅጥር ማስታወቂያ እንደወጣ በማግስቱ ሄዳ ተመዘገበች።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። በቁጥር የማቀርበው ለመዝገባችሁ እንዲመች ነው።

1ኛ. ማስታወቂያችሁ ግልጽ ስለነበረ አመሰግናለሁ። ሴት ተፈታኞች ሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር በአሥራ አራት ደቂቃ ውስጥ እንደሚሮጡ፣ ፈተናውም ኅዳር 15 እንደሚሰጥ ይናገራል። ልጄ ከትምህርት ቤት ወዲህ ሮጣ ስለማታውቅ በየማለዳው ወደ ጫጫ በሚወስደው አስፋልት ላይ ልምምድ ጀመረች። እኔም ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ሹራቧን ይዤ፣ ከመንገዱ ዳር ቆሜ ሰዓት እቆጥርላት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ኪሎ ሜትር፣ በሦስተኛው ሳምንት አምስት ኪሎ ሜትር ደረሰች፤ እኔም ኮራሁ። ጥቅምት ሲጋመስ ቅልጥሟን ያማት ጀመር። መጀመሪያ ስትነሳ ብቻ ያማትና ሰውነቷ ሲሞቅ ይተዋታል፤ በኋላ ስትሮጥ፣ ቀጥሎም ስትራመድ ያማት ጀመር። በመጨረሻ ብርድ ልብሱ ሲነካት እንኳ ፊቷን ታጨማድድ ነበር።

ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። ሲስተር ሊያ የምትባል ነርስ ቅልጥሟን በአውራ ጣቷ ከላይ እስከ ታች ጫን ጫን እያደረገች ካየችው በኋላ፣ «ሩጫ በድንገት ሲበዛ፣ ያውም አስፋልት ላይ ሲሆን፣ አጥንቱ ይቆጣል። መድኃኒቱ ዕረፍት ነው። አንድ ወር ሙሉ አትሩጪ። እምቢ ካልሽ አጥንቱ ይሰነጠቃል» አለቻት። ለፈተናው የቀረው ግን አሥራ ስምንት ቀን ነበር። አልታየች እግሯን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እየነከረች፣ በፋሻ እየጠቀለለች ልምምዷን ቀጠለች። «ፈተናው ይለፍና አርፋለሁ» አለችኝ። እኔም እውነቷን ነው አልሁ።

2ኛ. ኅዳር 15 ቀን አርባ አንድ ወጣቶች ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምረው በሜዳው ላይ አመዳይ ረግጠው ቆመው ሲጠብቁ፣ አራት ሰዓት ላይ አንድ ሠራተኛ ልካችሁ «ፈተናው ተራዝሟል፤ አዲሱ ቀን በቅርቡ ይገለጻል» የሚል ወረቀት ስላስነበባችሁን አመሰግናለሁ። ምክንያቱን ብጠይቅ፣ የሰዓት መቁጠሪያው ያለበትን መሳቢያ ቁልፍ የያዙት ሰው መስክ መውጣታቸው ተነገረኝ። የአንድ መሳቢያ ቁልፍ ይህን ያህል ሥልጣን እንዳለው እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

«በቅርቡ» ያላችሁት ሰባ ሁለት ቀን ፈጀ። ልብ በሉልኝ፤ ሲስተር ሊያ የጠየቀችን አንድ ወር ብቻ ነው። «ፈተናው ጥር 27 ነው» ብላችሁ ያን ዕለት ብትነግሩን ኖሮ ልጄ ወሩን ሙሉ አርፋ፣ ድና፣ እንደገና ቀስ ብላ ለመለማመድም ጊዜ ይተርፋት ነበር። በቅርቡ በተባለ ፈተና ላይ ግን ማን ያርፋል? «ዛሬ ባርፍ ነገ ቢለጥፉትስ?» ትለኝ ነበር። ጠዋት ትሮጣለች፤ ከሰዓት በኋላ እያነከሰች ሄዳ የማስታወቂያ ሰሌዳችሁን አይታ ትመለሳለች።

3ኛ. ይህ እንኳ እናንተን አይመለከትም፤ ቁጥሩ እንዳይዘል ብዬ ነው የምጽፈው። በታኅሣሥ አንድ ማለዳ አልታየች አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ካልሲዋን እስከ ግማሽ ድረስ አጥልቃ፣ እጇን ቅልጥሟ ላይ አድርጋ አገኘኋት። ቀና ብላ ሳታየኝ «አባባ፣ ዛሬ ልተወው?» አለችኝ። እኔም «አርባ ዓመት ማኅሌት ስቆም እግሬ ያላመመኝ ይመስልሻል? ያልፋል። ተነሺ» አልኋት። ካልሲዋን ስባ ተነሣች። ከዚያ ቀን በኋላ አመመኝ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። እኔም የተሻላት መሰለኝ። አርባ ዓመት ዜማ ያስተማርሁ፣ ከሃያ ተማሪ መካከል አንዱ ሲስት ለይቼ የማርም ሰው፣ የልጄን ዝምታ መለየት አቃተኝ።

4ኛ. ጥር 26 ከሰዓት በኋላ ፈተናው ነገ ነው ብላችሁ ስለለጠፋችሁ፣ ሜዳውን ደግሞ ለባዛር ሰጥታችሁ ልጆቹን ከጎኑ ባለው አስፋልት ላይ ስድስት ጊዜ ደርሶ መልስ ስላስሮጣችሁ አመሰግናለሁ። በአራተኛው ዙር ማነከስ ጀመረች። በአምስተኛው አጠገቤ ስታልፍ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። የመጨረሻውን ዞራ መቶ ሃምሳ ሜትር ሲቀራት ደረቅ እንጨት ሲሰበር የመሰለ ድምፅ ሰማን፤ ወደቀችም። ሰዓቱ አሥራ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ይል ነበር። በእጆቿ ተደግፋ ልትነሣ ሁለት ጊዜ ሞከረች።

ሰዓት ይቆጥር የነበረው ወጣት፣ ቢኒያም የሚባለው ሠራተኛችሁ፣ ሮጦ ደርሶ ጃኬቱን አውልቆ ከእግሯ ሥር አደረገላት። እርሱን የማመሰግነው ያለ ምንም ሽሙጥ ነው። ከዚያም ወደ ሰብሳቢያችሁ ዞሮ «አቶ ዘርአ ዳዊት፣ ምን ብዬ ልሙላ? ተጎድታለች እኮ» አለ።

አቶ ዘርአ ዳዊት ቅጹን አዩ እንጂ ልጄን አላዩም። «ያለው ሦስት ነው። አልፏል፣ ወድቋል፣ በፈቃዱ አቋርጧል። ሰዓቱ ስላላለቀ ወድቃለች ማለት አይቻልም። አቁሚ ያላት ሰው አለ?»

«የለም» አለ ቢኒያም።

«እንግዲያው በፈቃዷ ነው።»

ይህ ሲባል ልጄ እግራችሁ ሥር ተኝታ ትሰማ ነበር።

5ኛ. ሐኪሙ የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ አንሥቶ አሳየኝ። አጥንቱ ከሳምንታት በፊት መሰንጠቁን፣ ያን ቀን ጨርሶ መሰበሩን ነገረኝና «በዚህ እግር እንዴት ስትሮጥ ቆየች?» ብሎ ጠየቀኝ። ሦስት ወር በጄሶ ከረመች። አሁን በምርኩዝ ትሄዳለች። ዳግም ስለ መሮጧ ግን ሐኪሙም እርግጠኛ አይደለም።

በመመሪያችሁ መሠረት በፈቃዱ ያቋረጠ ሰው እስከ ሁለት ዓመት ድረስ አይመዘገብም፤ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የሆነም አይመዘገብም። አንዲቷ ቃል የልጄን ደጅ በሁለት ቁልፍ ዘጋችባት ማለት ነው። ይህንኑ ለማስረዳት አምስት ጊዜ ቢሯችሁ መጥቻለሁ። አምስቱንም ጊዜ በትሕትና ተቀብላችሁ፣ ጉዳዩ በስብሰባ እንደሚታይ ነግራችሁ፣ በትሕትና ሸኝታችሁኛል።

ሥራውን ስጧት አላልሁም፤ ካሣም አልጠየቅሁም። የምለምነው አንድ ቃል እንዲታረም ነው። «በፈቃዷ» የሚለው ተሰርዞ «አጥንቷ ተሰብሮ» ይባልልኝ። ቅጹ ቦታ የለውም ካላችሁ ደግሞ የእርሷን ሐሳብ ላድርሳችሁ። አንድ ቀን እቤት ቁጭ ብለን «ወደቀች ብለው ይጻፉ፣ ግድ የለም። ተወችው ግን አይበሉኝ» ብላኛለች። የግድ ፈቃድ የሚባል ነገር መዝገብ ላይ መስፈር ካለበትም የእኔንና የእናንተን ጻፉ። ተነሺ ያልኋት እኔ ነኝ፤ ማረፊያ ቀን የነፈጋችኋት እናንተ ናችሁ። የእርሷ ፈቃድ አንድ ጊዜ ብቻ ተነሥቶ ነበር፤ እሱንም በታኅሣሥ «ልተወው?» ብላ ራሷ ጠየቀችኝ እንጂ ማንም አልጠየቃትም።

ውድ ጊዜያችሁን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለማኅተማችሁ ቀለም፣ ለስብሰባችሁ ምልዓተ ጉባኤ፣ ለመሳቢያችሁም ትርፍ ቁልፍ እንዲሰጣችሁ ፈጣሪን እየለመንሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የተራ ቁጥር ሠላሳ ሰባት አባት
መሪጌታ ገብረ ጻድቅ
ሰኔ 3 ቀን፣ ደብረ ብርሃን

ማስታወሻ፦ ቅሬታ አቅራቢዋ ራሷ ቀርባ ካልፈረመች ደብዳቤው አይመዘገብም ስላላችሁ፣ ትናንት ልጄን ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው መዝገብ ቤታችሁ ስንወጣ ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ምርኩዟን አቀበለችኝና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ላብ አጥምቋታል። «አባባ፣ እርስዎ ይውጡና የሚቀመጡበት ሥራ እንዳለ ይጠይቁልኝ» አለችኝ። እንግዲህ በትሕትና እየጠየቅሁ ነው። በየቢሯችሁ በር ሳልፍ እንዳየሁት እንዲህ ያለው ሥራ እናንተ ዘንድ ሞልቷል፤ ለእሱ የአካል ብቃት ፈተናው ምን እንደሆነ ብትነግሩን ልጄ ትለማመዳለች።