ተመላሹ ግብር እና ተከራዬ ታምሩ

ሰኞ

ገንዘቡ ዛሬም አልገባም። ታምሩን በጠዋት ቧንቧው ጋ ጠብቄ ጠየቅኩት። ፊቱን እየታጠበ ነበር። እዚህ ሆኖ ማየት እንደማይችል፣ ባንክ እንድመጣ ነገረኝ። ሄድኩ፤ ሰልፍ ያዝኩ። ተራዬ ደርሶ መስኮቱ ላይ ብቀርብ ያው ታምሩ ነው። ኮምፒውተሩን አይቶ "እስካሁን አልገባም፣ እትዬ ወይንሸት" አለኝ።

ነገሩ ይህ ነው። አምና ለትምህርት ቤቶች ዩኒፎርም ስሰፋ፣ ሲከፍሉኝ ቅድመ ግብር እየቆረጡ ያስቀሩ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ የተቆረጠብኝ ከሚገባኝ በላይ ሆኖ ተገኘ። ተመላሽ ይገባሻል ተባልኩ፤ ተፈቀደልኝም። ገቢዎች ግን በእጁ አይከፍልም፤ የሚከፍለው በባንክ በኩል ነው። ከፋሲካ ጀምሮ ገቢዎች "እኛ ልከናል፣ ባንክ ጠይቂ" ይለኛል፤ ባንክ ደግሞ "አልደረሰንም፣ ገቢዎች ጠይቂ"። ክረምቱ ሊወጣ ነው።

ማክሰኞ

የጅማው ጨርቅ ነጋዴ ደወለ። የዩኒፎርሙን ሰማያዊ ቴትሮን ከዓርብ በላይ አላቆይልሽም አለኝ። ከሚዛን ከተማ ፈላጊ መጥቶለታል። እውነቱን ነው፣ እሱም ነጋዴ ነው።

የሚያሳስበኝ፦ የልጆቹን ልክ ወስጃለሁ። ከወላጆቻቸው ቀብድ ተቀብያለሁ። ቀብዱ በክርና በስፌት መኪናው ጥገና አልቋል፤ ጨርቁን የምገዛው በተመላሹ ነው። ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጆቹ በአሮጌ ልብስ ቢሄዱ ስሜ የሚነሳው በየቤቱ ነው። በዚህ ከተማ ደግሞ ስም አንዴ ከተነሳ ደንበኛው ሺሺንዳ ድረስ ሄዶም ቢሆን ሌላ ሰፊ ይፈልጋል።

ማታ ታምሩ ከሥራ ሲገባ "እንደምን አመሹ" አለኝ። እንዳልሰማ ሆንኩ።

ረቡዕ

ዝናብ ሲወርድ ዋለ። ገቢዎች፦ ጉዳዩን የያዘችው ባለሙያ ስብሰባ ላይ ናት። ባንክ፦ ሲስተም የለም። ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ረጥቦ ቤቴ ገባሁ።

ታምሩ ውኃ ሊቀዳ ሲወጣ "ከዚህ ወር ጀምሮ መብራት ለብቻህ ትከፍላለህ" አልኩት። ኪራዩ ላይ ተጠቃሎ የነበረውን። ለምን እንዳልኩት እንኳ ለራሴ አልገባኝም። "እሺ" አለ። እሺ ማለቱ ይበልጥ አናደደኝ። ቢከራከረኝ ኖሮ በወጣልኝ።

ሐሙስ

የታምሩ ክፍልና የእኔ ወጥ ቤት የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው። ሚስቱና ልጁ የሚኖሩት ደካ ነው፤ ማታ ማታ በስልክ ያወራቸዋል፣ በካፊኖኖ። አያቶቼ ከሸዋ ቢመጡም እኔ ቦንጋ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ቋንቋውን አሳምሬ ባልናገረውም እሰማለሁ። እሱ ይህን አያውቅም።

ሌላ ቤት እየፈለገ መሆኑን ለሚስቱ ሲነግራት ሰማሁ። ሴትየዋ ክፉ አይደለችም አላት። ግን ደክሞኛል አላት።

ሽንኩርት መክተፉን ትቼ ተቀመጥኩ። ክፉ አይደለችም ያለው ነው የበላኝ። ሰው ቢሰድበኝ መልስ አላጣም ነበር። ጥቂት ቆይቼ በሩን አንኳኳሁና ልትወጣ ነው ወይ አልኩት። መስማቴን ሲያውቅ አፈረ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ።

"መስኮቱ ላይ ሰው ሁሉ ይቆጣኛል፣ እትዬ ወይንሸት። ሥራዬ ነው፣ እችለዋለሁ። ግቢ ስገባ ግን ባንክ መሆን አልችልም።"

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ቀረ። "የመብራቱን ነገር ተወው" ብቻ ብዬ ተመለስኩ።

ዓርብ

ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። እኔ የምጣላው የማገኘውን ሰው ነው፤ ገንዘቡን የያዘውን አይደለም። እሱን አላውቀውማ።

በጠዋት ገቢዎች ገባሁ፤ ባለሙያዋ ነበረች። ወረቀት አልጠየቅኳትም። ባንኩ ድረስ አብራኝ እንድትሄድ ለመንኳት። መጀመሪያ ሥራዋ እንዳልሆነ ነገረችኝ። ከወንበሩ አልተነሳሁም። ኋላ ምን እንዳየችብኝ እንጃ፣ ጃንጥላዋን አነሳች።

ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ያሉት አንድ አስፋልት ላይ ነው። የባንኩ ሥራ አስኪያጅና እሷ ግን ገና ዛሬ ነው የተጨባበጡት። ስልክ ተደወለ፣ ተጠበቀ፣ እንደገና ተደወለ። ገንዘቡ ለካ ከብዙ ሰው ተመላሽ ጋር በአንድ ላይ ተልኮ የባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ደርሷል። አያቴ ገቢዎች ዘንድ ወልደጊዮርጊስ ናቸው፣ ባንክ ዘንድ ጊዮርጊስ። ስሙ አልገጥም ስላለ እዚያው ተይዞ ከርሟል። ለዚህ ነው ቅርንጫፉ "አልደረሰንም" ሲለኝ የኖረው። ይስተካከላል፣ በቅርቡ ይገባል አሉኝ። ይቅርታ ያለኝ የለም። እኔም ያላልኩት ይቅርታ ስላለብኝ ብዙም አልተከፋሁም።

ጅማ ደወልኩ። ግማሹን ጨርቅ ሸጧል፤ ግማሹን ለጥቂት ቀን ያቆይልኛል።

ቅዳሜ

ታምሩ ቤት አግኝቶ ወጣ። ፍራሹን ባጃጁ ላይ ስናስር ገመዱን ያዝኩለት። ክፍሉን ጠርጎ፣ መስኮቱን ሳይቀር ወልውሎ ነው የተወው። ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጠኝ። ስለ ሁሉም አመሰገነኝ። ባጃጁ ሞተሩን አስነስቶ ስለነበር የምለውን ሳልለው ሄደ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግቢው ጭር ብሏል። ምንም አልሠራሁም።

ሰኞ

ገባ። ረፋድ ላይ የሌላ ደንበኛ ጨርቅ እየቆረጥኩ ሳለ የባንኩ መልእክት ስልኬ ላይ መጣ። ሙሉውን ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መቀሱን አስቀምጬ ቆምኩ። ለጅማው ነጋዴ ገንዘቡን ላኩለት፤ ጨርቁ ነገ መኪና ላይ ይጫናል። የጎደለውን ግማሽ ጨርቅ ከየት እንደምሞላ ገና አላውቅም።

ከዚያ የምነግረው ሰው ፈለግኩ። ቀድሞ የመጣልኝ ታምሩ ነው። ደወልኩ፤ አላነሳም። ሥራ ላይ ስልክ አይነካም። አመሻሽ ላይ ራሱ መልሶ ደወለልኝ።

"ጠዋት አይቼው ነበር" አለኝ። "ለእርስዎ ሳይደርስ እኔ መናገር አልችልም እንጂ፣ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።"

ያን ሁሉ ሰልፍ ስሰለፍ፣ ፊቴን ሳጠቁርበት፣ እሱም ከእኔ ጋር ሲጠብቅ ነበር ማለት ነው። ይቅርታዬን ያን ጊዜ ተናገርኩ፤ በስልክ፣ አጭር አድርጌ። "ምንም አይደለም" አለ። እውነት ምንም እንዳልሆነ ወይም ለጨዋነት እንዳለው አላወቅኩም። እሑድ ምሳ ና አልኩት። ደካ ካልሄድኩ እሞክራለሁ አለኝ።

ይምጣ አይምጣ እንጃ። ለሁለት ሰው እሠራለሁ።